የወንዝ ልኬት በቴሌግራም፦ ከውሃው ይልቅ ሰዓቱ ያስቸግራል

ጎንደር ውስጥ የወንዝ ውሃ የምንለካ በጎ ፈቃደኞች በቴሌግራም ተሰባስበን እንሠራለን፤ ሰንጠረዡን የምይዘው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ስንጀምር ማንም ያላስጠነቀቀን ነገር ስላለ ነው። በየሥልጠናው ስለ መሣሪያና ስለ ተነሳሽነት ብዙ ይወራል። መሣሪያ ተፈልጎ ይገኛል፤ ተነሳሽነቱም ሞልቷል። ሥራውን የሚያበላሸው ልኬቱ ከወንዝ ዳር ተነስቶ ግሩፑ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ መንገድ ላይ የሚጠፋው ነገር ነው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ቀሃና አንገረብ ከተማችንን በግራና በቀኝ ይዘው ይወርዱና መገጭን ይቀላቀላሉ፤ መገጭ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። ለእያንዳንዱ ወንዝ ከከተማው በላይ አንድ ነጥብ፣ ከከተማው በታች አንድ ነጥብ ይበቃል። መሀል ከተማ አትጀምሩ፤ አጠገባችሁ ያለው ቤት ልብስ ባጠበ ቁጥር ልኬቱ ይዘላል። የትብብር ደብዳቤ የሚወጣው ከቀበሌ ነው። ብዙዎች ከላይ ካለው ቢሮ ጀምሩ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ወንዝ ዳር ቆማችሁ “ምን እያደረጋችሁ ነው?” ብሎ የሚጠይቃችሁ የቀበሌው ሰው ስለሆነ እሱ የሚያውቀው ማህተም ያስፈልጋችኋል።

መሣሪያው የኪስ ፒኤች (የውሃው አሲድነት) መለኪያ፣ የኪስ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው በሟሟበት ጨው ልክ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ) መለኪያ፣ የኦክስጅን መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ የናይትሬትና የፎስፌት ቀለም መፈተሻ ቱቦ ነው። ኮንዳክቲቪቲውን 1413 ማይክሮሲመንስ በሚለው ፈሳሽ፣ ፒኤቹን በ7 እና በ10 አስተካክሉ። ማስተካከያው በዱቄት መልክ ከመጣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ250 ሚሊ ሊትር፣ ለባትሪ መሙያ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይበጠበጣል። መለዋወጫ ሱቅ ሄዳችሁ “የባትሪ ውሃ” ካላችሁ አንዳንዴ አሲዱን ይሰጧችኋል፤ መሙያውን ነው ወይስ አሲዱን ብላችሁ ጠይቁ። የፒኤቹ ጫፍ ከደረቀ መለኪያው ይሞታል፣ ክዳኑ ውስጥ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ክረምት ላይ መገጭ ቡና መስሎ ሲወርድ ናሙናውን በጠርሙስ አስቀምጡና እስኪጠል ጠብቁ፤ አለበለዚያ የቱቦውን ቀለም የምታነቡት ከጭቃው ጋር ነው። ቀለሙን ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ አንብቡ።

ቱቦው ላይ የተጻፈው “ናይትሬት” ነው ወይስ “ናይትሬት-ናይትሮጅን” ነው? ይህን ሳታዩ አትለጥፉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4.4 እጥፍ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው 50 ሚሊግራም በሊትር ናይትሬት፣ በናይትሮጅን ሲቆጠር 11 አካባቢ ነው። ግሩፕ ላይ “ከወሰን በታች ነው”፣ “የለም፣ በላይ ነው” ተብሎ ከሚደረገው ክርክር ብዙው የሚነሳው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ወደ ሰዓቱ።

የተሰጠን ቅጽ ላይ “ቀን” እና “ሰዓት” የሚሉ ሁለት ባዶ ሳጥኖች ብቻ ነበሩ። ቅጹን ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። የእኛ ሰው ጠዋት ወንዝ ወርዶ ሲለካ ግማሹ “2:00” ብሎ ይጽፋል፣ ግማሹ ስልኩን አይቶ “8:00” ይጽፋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። “2:00” የሚለው እንኳ አያሳስትም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወንዝ የሚወርድ ስለሌለ የእኛ አቆጣጠር እንደሆነ ይገባል። አደገኛው “8:00” ነው። በስልክ ከሆነ ጠዋት ነው፤ በእኛ ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም ስልኩ 14:00 ሲል ነው። ሁለቱም ሰው ወንዝ ዳር የሚገኝባቸው ሰዓቶች ናቸው። 9፣ 10 እና 11ም እንዲሁ። ከ7 እስከ 12 ያለው ቁጥር ሁሉ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ፣ ካለፈ በኋላ መለየት አይቻልም።

ይህ የጽሕፈት ጣጣ ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በሰዓት ይለዋወጣል። አልጌውና የውሃ እጽዋቱ ቀን ፀሐይ እያገኙ ኦክስጅን ያወጣሉ፤ ሌሊት ሁሉም ይተነፍሳል እንጂ የሚያመርት የለም። ስለዚህ ኦክስጅኑ ሊነጋ ሲል ከሁሉ ያንሳል፣ ከሰዓት በኋላ ከሁሉ ይበዛል። ፒኤቹም አብሮ ይወጣል፣ ምክንያቱም እጽዋቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚወስዱት ነው። ጠዋት የተለካ ዝቅተኛ ኦክስጅን የተለመደ ነገር ነው። ያው ቁጥር ከሰዓት በኋላ የተለካ ከሆነ ግን ወንዙ ታሟል ማለት ነው።

መሥሪያ ቤቱ ሰንጠረዡን ወሰደ። ባለሙያው ሳይጠይቀን የሰዓቱን ዓምድ በሙሉ 6 ሰዓት ጨመረበት። በእኛ የተጻፉት ተስተካከሉ፤ በስልክ የተጻፉት የጠዋት ልኬቶች ከሰዓት በኋላ ሆኑ። ቀሃ ከምሳ በኋላ ኦክስጅን ያጣ ወንዝ ሆኖ ፌስቡክ ላይ ከነግሩፓችን ስም ተለጠፈ። ከሥር የተጻፈው አስተያየት ግማሹ “ወንዙ ሞቷል” ነበር፣ ግማሹ “እነዚህ ልጆች መለካት አይችሉም”። ይታረም ስንል “በደብዳቤ አቅርቡ” ተባልን። ደብዳቤው ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ፖስቱ ግን እዚያው ቀረ። አንድ መስመር ለማረም ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ እስካሁን አይገባኝም። ጠዋት ከሥራ በፊት በብርድ ወንዝ የሚወርዱ ሰዎች ልፋት በአንድ የኤክሴል ትእዛዝ ሲበላሽ ማየት ያንገበግባል።

ስለዚህ ቅጹን እናንተ ሥሩት። ሰዓት የሚጻፈው እንደ ስልኩ በ24 ሰዓት ነው፤ 08:00 ወይም 14:00። ከጎኑ “ጠዋት / ከሰዓት በኋላ” የሚል ይክበብ። ሁለቱ ካልተስማሙ መስመሩ አይገባም፣ ለካሁ ያለው ሰው ይደወልለታል። ሌላ ሰው በግምት አያርመውም።

የቀኑ ጉዳይም ከዚህ አያንስም። ጥቅምት 30ን “30/2” ብላችሁ ኤክሴል ውስጥ ስታስገቡ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 3 ቀን 2015ን “3/13/2015” ብላችሁ ካስገባችሁ፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተሞላ ማርች 13 ቀን 2015 ብሎ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቀበለዋል። የክረምት መውጫ ውሃ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ በጋ ውስጥ ይቀመጣል። በእጅ የሚቀይርም ይሳሳታል፤ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ በ2016 ግን ሴፕቴምበር 12 ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኮቦ ወይም ኦዲኬ ኮሌክት የተባለውን የስልክ ቅጽ የምትጠቀሙ ከሆነ ለቀን ጥያቄው መልክ (appearance) በሚሞላበት ሳጥን ውስጥ “ethiopian” ብላችሁ በትንንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ለካሁ ባዩ ጳጉሜንን ጨምሮ የእኛን ቀን መቁጠሪያ ያያል፤ ውስጥ የሚቀመጠው ግን የፈረንጁ ቀን ነው። ይህን የሚያውቅ አሠልጣኝ አላገኘሁም። ሰዓቱን ግን አይቀይርላችሁም፤ እሱ በ24 ሰዓት ደንባችሁ ይኑር።

ቅጹ ያለ ኢንተርኔት መሞላት መቻሉም ትልቅ ነገር ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያ ወቅት ልኬት ማቆየት የሚችለው ወረቀት ወይም ስልክ ላይ የሚቀመጥ ቅጽ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚታየው ሰዓት መልእክቱ የተላከበት እንጂ ውሃው የተለካበት አይደለም። ኔትወርክ ሲመለስ የሳምንቱ ልኬት ሁሉ ባንድ ሰዓት ይዘረገፋል።

ከቅጹ ጋር የተሰጠን መመሪያ “ልኬቱን እዚያው ከቦታው ወዲያው ላኩ” ይላል። አትላኩ። ወረቀት ላይ ጻፉ፣ መለኪያውን ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሱ፣ ማታ ሌላ ሰው አይቶት ይለጠፍ።

ፎቶውን ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ምስሉን ይጨምቀዋል፣ ውስጡ የተቀመጠውን የተነሳበትን ሰዓትና ቦታም ያጠፋዋል። የወረቀት መያዣ ምልክቷን ነክታችሁ “ፋይል” የሚለውን ምረጡና ከጋለሪ ላኩ፤ ያኔ ሁሉም እንዳለ ይደርሳል። ነገር ግን ይህን ፋይል ለሰንጠረዥ ያዡ በግል ነው የምትልኩት፤ ሁሉም ወደሚያየው ቻናል አይሄድም። የቦታው መረጃ የሰውን ቤት ሊያሳይ ይችላል። ድልድይ፣ ግድብና ኬላ ፎቶ ውስጥ አይግቡ፤ ካሜራው ወደ ውሃው ብቻ ይዙር።

ግሩፑ ውስጥ ስለ ዘላቂ ልማት የሚነገረውን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት 17ቱ ግቦች በሴፕቴምበር 2015 (እ.ኤ.አ.) ጸድቀዋል፤ የእኛ ሥራ የሚገባው 6.3.2 የተባለው አመልካች ውስጥ ነው፣ ጥሩ ጥራት ያላቸው የውሃ አካላት ድርሻ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት የዜጎች መረጃ ከአመልካቾቹ አንድ ሦስተኛውን ሊያግዝ እንደሚችል አሳይቷል። ይህ ለቢሮ ደብዳቤ ይጠቅማል፤ እዚያ ጻፉት። ግሩፑ ላይ ግን ባለ ቀለሙ ፖስተር ከተለጠፈ ላይክ ይበዛል እንጂ የሚለካ ሰው አይጨምርም። “ከከተማ በላይ ኮንዳክቲቪቲው ይህን ያህል፣ ከከተማ በታች ይህን ያህል፣ ባለፈው ወር ደግሞ ይህን ያህል” ብላችሁ ስትለጥፉ ነው ሰው መሀል ላይ ምን ገባበት ብሎ መጠየቅ የሚጀምረው። ነጠላ ቁጥር አትለጥፉ። ነጠላ ቁጥር የሰፈር ስም ይዞ ከወጣ ክርክሩ ከውሃው ወጥቶ ሰፈር ለሰፈር ይሆናል።

ኦክስጅንም ሲለጠፍ በሙሌት መቶኛ ይሁን፤ ማለትም ውሃው በዚያ ከፍታና ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ስንት መቶኛውን እንደያዘ። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ውሃ 9.1 ሚሊግራም በሊትር ይይዛል፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ንጹሑ ውሃም ቢሆን ከ7 ብዙ አይበልጥም። ከኢንተርኔት የተገኘ የውጭ ወሰን አምጥተው 6.5ን “አደጋ” የሚሉ አስተያየቶች በዚህ ይቆማሉ።

ቴሌግራሙ ውስጥ “ርዕሶች” የሚለውን አብሩና ልኬትን ለብቻው አድርጉ፤ የበዓል መልካም ምኞት፣ ዜናና ውይይት ሌላው ውስጥ ይሁን። ነጥቦቹን በስም አትጥሩ፤ ቀ1፣ ቀ2፣ አ1፣ መ2 በሏቸው። አንዱ ቀሃ፣ አንዱ ቀሐ፣ ሌላው ቀኃ ብሎ ከጻፈ ስትፈልጉ የምታገኙት ሲሶውን ነው።

እምቦጭ ላይ የሚወጣው ፖስት ከሁሉ ያሳስበኛል። ጣና ላይ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ከታየ ጀምሮ አንድ ሰሞን “ጠፍቷል”፣ አንድ ሰሞን “ሐይቁን ወሮታል” ይባላል። አረሙ ተንሳፋፊ ነው፤ ነፋስ ይገፋዋል። ማታ ጎርጎራ ዳር የነበረው ምንጣፍ ጠዋት ላይኖር ይችላል፣ የጠፋ ግን አይደለም፣ ወደ ሌላ ዳርቻ ሄዷል። ከዳር ቆሞ የተነሳ ፎቶ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ግሩፓችን የሚቀበለው የካሜራው አቅጣጫ፣ የነፋሱ አቅጣጫና አረሙ ሥር ይዟል ወይስ ይንሳፈፋል የሚለው ከተጻፈ ብቻ ነው። ከሌላ ቦታ ፎርዋርድ የተደረገ ፎቶ ልኬት አይደለም፤ ይነሳል።

ጠበል ባለበት ምንጭ አጠገብ ከለካችሁ ቁጥሩን ከመለጠፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ለአገልጋዮቹ አሳዩ። ናይትሬቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ያለ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም የከብት በረት ነው፤ ይህን በአክብሮት ቁጭ ብላችሁ ስታስረዱ ጉድጓዱን የሚያስነሱት እነሱ ናቸው። ፌስቡክ ላይ ቀድሞ ከወጣ ማንም አይሰማችሁም።

ለመሥሪያ ቤት ሰንጠረዥ የምትሰጡት በኤክሴል አይሁን፤ ፒዲኤፍ አድርጉት። ሁለቱም ቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ይኑር፣ የሰዓቱ ዓምድ አናት ላይ “በ24 ሰዓት፣ እንደ ስልክ፤ አይቀየርም” ተብሎ ይጻፍ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ተረካቢው ይፈርም።