የአዲስ አበባን ሕግ አዳማ ላይ

ሕግ ማንበብ የጀመርኩት ጠበቃ ልሆን ብዬ አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የአዳማ ሙቀት ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ቅዳሜ ከሰዓት የምሠራው ጠፍቶኝ ነው። አንድ ቀን አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ሕገ መንግሥቱን፣ የወንጀል ሕጉንና የቤተሰብ ሕጉን ገዝቼ መጣሁ።

ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ ነው፣ በሁለት ቅዳሜ አለቀ። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ትልቅ ነገር ያወቅኩ መስሎኝ ለደንበኛዬ የባጃጅ ሹፌር ብነግረው «መንገድ ላይ የሚፈጀው ሰዓት ግን አይቆጠርም» ብሎ አረመኝ። ሄጄ ሳየው እውነቱን ነው!

የወንጀል ሕጉ ከበደኝ። አንቀጽ 23 አንድ ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ሲሟሉ ነው ይላል። «ግዙፋዊ» የምትለዋ ላይ ተቸክዬ ዋልኩ፤ ለካ ድርጊቱን ራሱን ነው።

ጉድ የሆንኩት ግን በቤተሰብ ሕጉ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ቡና ጠርተውኝ «እስቲ ልጄ፣ አንተ ሕግ ታነባለህ አሉ፣ ቤቱ በባሏ ስም ከሆነ የእህቴ ልጅ ባዶ እጇን ልትወጣ ነው?» አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ አንቀጽ 63ን ጠቀስኩላቸው። በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። እትዬ መረቁኝ።

ሰኞ ቢሮ ለሕግ ባለሙያችን ሳወራለት ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ያነበብከው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ እኮ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። አዳማ የት ክልል ነች?»

ማታ ሕገ መንግሥቱን እንደገና ገለጥኩት። አንቀጽ 55 የወንጀል ሕግ ማውጣትን ለተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል፣ አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት ለብቻው ወይም ከክልሎች ጋር በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው ይላል፣ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጡትም ከዚህ ተነስተው ነው። አንብቤው ነበር እኮ! የሥልጣን ክፍፍል የፖለቲከኛ ወሬ መስሎኝ ቶሎ ቶሎ አለፍኩት እንጂ፣ ከወንጀል ሕጉና ከቤተሰብ ሕጉ የትኛው አዳማ ላይ እንደሚሠራ የሚነግረኝ እሱ ነበር።

የኦሮሚያን የቤተሰብ ሕግ ፈልጌ አገኘሁና እትዬ ዘንድ ተመለስኩ። ባለፈው የነገርኳቸው የሌላ ከተማ ሕግ እንደነበር፣ የእኛ ሌላ እንደሆነ፣ ለማንኛውም ልጅቷ ጠበቃ ብታማክር እንደሚሻል አስረዳኋቸው። ቶናውን እየቀዱ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ይኼን ለማለት ነው አራት መጽሐፍ የገዛኸው?» አሉኝ።