የእታለም ሁለት ኪኒኖች

እታለም የታይሮይድ መድኃኒት ስትጀምር ባሰባት። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችው ራሷ ናት። «ደንበጫም በይው ፍኖተ ሰላም፣ እንደኔ የምትሰቃይ ሴት አትጠፋም፤ ጻፊው» አለችኝ።

ታይሮይድ አንገት ላይ ያለች ዕጢ ናት፤ በእኛ አገር ስሟ ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበው እንቅርት ነው። ጎጃም ደጋ ያደገ ሰው አንገቷ ያበጠ እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት አይጠፋውም። አፈራችን አዮዲን ያንሰዋል፤ ጨዋችን ላይ አዮዲን መጨመር በሕግ ግዴታ የሆነውም በ2003 ዓ.ም. ነው። የእታለም አንገት ግን ምንም የለበትም። ስለዚህ ታይሮይድን ያሰበ ሰው አልነበረም። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ይገባል። ፊቷ ገርጥቷል። እንስራ አንስታ መራመድ አቅቷታል። አንዱ ደም ማነስ ነው ይላል፣ ሌላው ቡዳ ነው ይላል።

ነገሩ የጀመረው የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ነው። ቤት ነው የወለደችው። ብዙ ደም ፈሰሳት፣ ራሷን ሳተች፣ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ተረፈች። ከዚያ በኋላ ግን ጡቷ ወተት አልያዘም። አራስ ጠያቂው ሁሉ አጥሚቱን እየያዘ መጣ፤ ወተት የለም። ልጁ በላም ወተት አደገ። የወር አበባዋም ሳይመለስ ቀረ። እሷ «እግዜር ከመውለድ አሳረፈኝ» ብላ ተቀበለችው። እኛም ዝም አልን።

አንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። ታይሮይድን የምታዘው እሷ ናት። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡትን አድሬናል ዕጢዎች፣ ወተቱንና የወር አበባውንም የምታዘው እሷው ናት። በእርግዝና ጊዜ ትተልቃለች። ታዲያ በወሊድ ብዙ ደም ሲፈስ በቂ ደም ሳይደርሳት ትቀርና ትጎዳለች። ሺሃን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 በዝርዝር ስለጻፈው በሽታው በስሙ ይጠራል። ሴቲቱ ከሞት ተርፋ ቤቷ ትገባለች፤ ሆርሞኖቿ፣ ዕጢዎች ወደ ደም የሚልኳቸው መልእክተኞች፣ ግን አንድ በአንድ ይጎድላሉ። አንዳንዴ እስኪታወቅ ዓመታት ይፈጃል።

በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ ደሟን መረመሩ። የታይሮይድ ሆርሞኗ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የጎደለውን የሚተካው ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ታዘዘላት። ውጤቱ ሐሰት አልነበረም፣ በእርግጥ ጎድሎባታል። የአድሬናሏን ነገር ግን ማንም አልጠየቀም።

ደስ ብሎን ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ ግን ማስመለስ ጀመራት። ከመኝታዋ ስትነሳ ዓይኗ ይጨልማል፣ ላብ ያጠምቃታል። ክሳቱ ያስደነግጣል። ግማሹ ሰው «መድኃኒቱ አንሷት ነው፣ ይጨመርላት» ይላል። ግማሹ «መርዝ ነው፣ ይቅርባት» ይላል። እናቴ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብላ አለቀሰች። አንድ ቀን ትኩሳት ያዛትና ወደቀች። ባሕር ዳር ወሰድናት።

እዚያ ያየቻት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ታይሮይድ አይደለም። «ስትወልጂ ደም ፈሶሽ ነበር? ጡትሽስ ወተት ነበረው?» አለቻት። ያን ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። የደም ግፊቷን ተኝታም ተቀምጣም ለካቻት፤ ስትቀመጥ ይወርዳል። ሶዲየሟም ስኳሯም ዝቅ ብሏል። ለኮርቲሶል ምርመራ ደም ተቀዳ። ውጤቱ ግን አልተጠበቀም፤ ወዲያው የኮርቲሶል ምትክ የሆነው ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥሯ፣ ከግሉኮስና ከጨው ውኃ ጋር ተሰጣት። በማግስቱ ተቀምጣ እንጀራ በላች።

ምክንያቱን ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችን። ኮርቲሶል ከአድሬናል የሚወጣ ሆርሞን ነው። ያለሱ ሰውነት ትኩሳትን፣ ረሃብን፣ ድንጋጤን አይችልም። የታይሮይድ ሆርሞን ደግሞ የሰውነትን ሥራ ያፋጥናል፤ ጉበት ኮርቲሶልን የሚያስወግድበትን ፍጥነትም ይጨምራል። ስለዚህ ኮርቲሶል ለጎደለው ሰው ታይሮይድን አስቀድሞ መስጠት፣ ገለባ ያልቀመሰ በሬ ጠምዶ በጅራፍ እንደመንዳት ነው። ያለችውንም ጥቂት ያሟጥጣታል። መጀመሪያ የአድሬናሉ መድኃኒት ይገባል፤ ታይሮይዱ ከዚያ በኋላ በትንሹ ይጀመራል።

ሌላም ነገር ተማርኩ። እንደ እታለም ላለ ሰው ቲኤስኤች ብቻ መለካት አይበቃም። ቲኤስኤች ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን ነው፣ ከፒቱታሪ ነው የሚወጣው፤ እሷ ከተጎዳች ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። አድሬናሉ ራሱ ሲታመም ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ቲኤስኤች ትንሽ ከፍ ይልና ኮርቲሶሉ ሲተካ ሊስተካከል ይችላል። ያ ሕመም አዲሰን ይባላል። በሳንባ ነቀርሳ ይመጣል፤ ወይም የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ ይመጣል፣ ይኸኛው ታይሮይድንም አብሮ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በአዲሰን ድድና የመዳፍ መስመር ይጠቁራሉ። የእታለም ግን ገረጣ እንጂ አልጠቆረም።

በየስልኩ «አድሬናልህ ደክሟል» እያሉ ዱቄትና እንክብል የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል። «አድሬናል ድካም» የሆርሞን ሐኪሞች የማይቀበሉት ስም ነው። እውነተኛው የኮርቲሶል እጥረት በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ተቀድቶ ይለካል። እሱ ደግሞ በእነሱ እንክብል ሳይሆን የጎደለውን ሆርሞን በመተካት ነው የሚታከመው።

አሁን እታለም ሁለት ኪኒን አላት። ሌቮታይሮክሲኑን በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ትውጣለች፤ ቡናዋ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች። ይህን መልመድ ለሷ ከመርፌው ይከብዳት ነበር። ኮርቲሶሉን የሚተካላትን ፕሬድኒሶሎን ከቁርስ ጋር ትወስዳለች። ትኩሳት ሲይዛት ሐኪሟ እንዳዘዘቻት እጥፍ ታደርገዋለች፤ ካስመለሳት ግን ኪኒን አይጠቅምም፣ ለመርፌ ወደ ሐኪም ቤት ነው። በድንገት ማቆም ፈጽሞ አይቻልም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጨነቃት። የንስሐ አባቷ ግን «መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ፣ ቁርስሽንም ብዪ፤ የታመመ ሰው ጾም ሌላ ነው» አሏት። ጠበልም ትሄዳለች፣ ኪኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ።

አራስ ስትጠይቅ አሁን አንድ ነገር ሳትጠይቅ አትወጣም፤ «ደም ፈሶሽ ነበር? ወተትሽስ ወረደ?» ትላለች። ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቷ «ኧረ ጠብ አላለም» አለቻት። ይዛት ሐኪም ቤት ሄዳለች። ውጤቱ ገና አልመጣም።