ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን እንዴት እንደያዝኳቸው

ለጂአርኢ (ለውጭ አገር የድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ) ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው ካላችሁ፣ አንዱ ወዳጃችሁ በቴሌግራም ረጅም የቃላት ዝርዝር መላኩ አይቀርም። ለእኔም ተልኮልኛል። ብዙዎቹ ዝርዝሮች ግን ለድሮው ፈተና የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፈተናው ሲቀየር የተቃራኒ ቃል ጥያቄ ቀርቷል። አሁን ቃሉ የሚጠየቀው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ ሽምደዳውን ተውኩት።

የጀመርኩት ከቃላቱ ሥር ነው። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ጎረፈ። ምሁራኑ ደግሞ ከላቲንና ከግሪክ ተበደሩ። ለአንድ ነገር ሦስት ቃል የሚገኘው ለዚህ ነው፤ «ኪንግሊ» የአገሬው፣ «ሮያል» የፈረንሳይ፣ «ሪጋል» የላቲን። ከባድ የሚባሉት አብዛኞቹ ከላቲኑ ወገን ናቸው፤ ሥሮቻቸውም ይደጋገማሉ። «ቤኔ» ጥሩ፣ «ማል» መጥፎ፣ «ቮል» መሻት። ይህን የያዘ ሰው «ቤኔቮለንት» በጎ አሳቢ፣ «ማሌቮለንት» ክፉ አሳቢ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ እያለ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። አንዳንዴ ግን ሥሩ ጉድ ይሠራል፦ «ማሌት» መዶሻ ነው እንጂ ከክፋት ጋር አይገናኝም።

ቃል በማጠናበት ካርዴ ላይ የአማርኛ ፍቺ ብቻ አልጽፍም። ቃሉን ያገኘሁበትን ዓረፍተ ነገር ቃሉን አውጥቼ እገለብጣለሁ፤ ከኋላው መልሱን። አንኪ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ የቀለለኝን እያዘገየ፣ የከበደኝን ቶሎ ቶሎ እየመለሰ ያመጣልኛል። ዓላማችሁ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ከሆነ የቋንቋ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ይበቃል። 570 የቃል ቤተሰቦች (ከአንድ ቃል የሚወጡ ዘመዳሞች) ናቸው፤ ያስለቅሳሉ የሚባሉ አይደሉም።

የሥነ ጽሑፍ ቃላቱ ላይ ግማሹን መንገድ የአማርኛ መምህሮቻችን ጨርሰውልናል። «ሴቲንግ»ን መቼት፣ «ፍላሽባክ»ን ምልሰት፣ «ፎርሻዶዊንግ»ን ንግር፣ «አይረኒ»ን ምጸት ብለን ተምረናል። (መቼትን ማን እንደፈጠረው እንጃ፣ መቼን እና የትን አጋብቶ ቁጭ! እንግሊዝኛው ይህን ያህል አይናገርም።) የቸገረኝ ድራማዊ ምጸት ነበር። መዝገበ ቃላት ስምንት ጊዜ ብታነቡት ፍቺው አይያዝም። የገባኝ የሼክስፒርን ተውኔት ኦቴሎን ሳነብ ነው፤ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ከእንግሊዝኛው ጎን ዘርግቼ። የኦቴሎ የበታች የሆነው ኢያጎ ተንኮሉን ለተመልካች ይናገራል። ኦቴሎ ግን ይህንኑ ሰው ደጋግሞ «ሐቀኛው» ይለዋል። እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ትዕይንት መፈለግ ልማዴ ሆነ። ፍቺው ቢጠፋኝ እንኳ ትዕይንቱ አይጠፋኝም።

አነባበቡ የራሱ ጣጣ አለው። ከግሪክ የመጡት አንዳንዶቹ መጨረሻቸውን አይውጡም፤ ግነት «ሃይፐርቦሊ» ነው እንጂ «ሃይፐርቦል» አይደለም፤ «ኤፒቶሚ»ም እንዲሁ። እነዚህን በዓይን ብቻ መማር አይቻልም። ኦንላይን መዝገበ ቃላት ላይ የድምፅ ምልክቷን ተጭኜ፣ ሰምቼ፣ ጮክ ብዬ እደግማለሁ። ታክሲ ውስጥ ከሆንኩ ግን በሆዴ።