ደመወዙ በወረቀት 12,000፣ ኪስ ሲገባ ስንት?

የጸሐፊ፣ የኤክስኪዩቲቭ ሴክሬታሪ ወይም የአስተዳደር ረዳት ክፍት የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚል ይበዛል። ቃለ መጠይቁ ላይ የሚጠራው ቁጥር ግሮስ ነው፤ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ያለው ሙሉ ደመወዝ። ኪራይ የሚከፈለው፣ ጤፍ የሚሸመተው ደግሞ በኔት፣ ማለትም ተቀናንሶ እጅ በሚገባው ነው። ስለዚህ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት እዚያው ስልካችሁ ላይ አስሉት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሐምሌ 2017 ወዲህ የሚሠራበት የሥራ ግብር ሰንጠረዥ እንዲህ ነው። እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ድረስ ደመወዙ በ15 በመቶ ተባዝቶ 300 ይቀነስለታል፤ እስከ 7,000 በ20 በመቶ ሲቀነስ 500፤ እስከ 10,000 በ25 በመቶ ሲቀነስ 850፤ እስከ 14,000 በ30 በመቶ ሲቀነስ 1,350፤ ከዚያ በላይ በ35 በመቶ ሲቀነስ 2,050። ጡረታ 7 በመቶ ነው። እሱም ከግብር በፊት አይወጣም፤ ሁለቱም ከሙሉው ደመወዝ ላይ ነው የሚሰሉት።

12,000 ብርን እንውሰድ። ግብሩ 3,600 ሲቀነስ 1,350፣ ማለትም 2,250 ነው። ጡረታው 840። እጅ የሚገባው 8,910 ብር። በአሮጌው ሰንጠረዥ ግብሩ 2,700 ነበር። ፔሮል (የደመወዝ ስሌት) የሚሠራው ሰው የድሮውን ኤክሴል ሳይቀይር ከቀጠለ በየወሩ 450 ብር ያለአግባብ ይቆረጥባችኋል ማለት ነው። የደመወዝ ወረቀታችሁን ጠይቃችሁ እዩ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የደመወዝ ጭማሪ ስትደራደሩም ይህ ስሌት ይጠቅማል። ከ10,000 እስከ 14,000 ባለው ውስጥ ከተጨመረ እያንዳንዱ 100 ብር የሚደርሳችሁ 63 ነው፤ ከ14,000 በላይ 58 ብቻ። 1,000 ብር ጭማሪ ከመለመን የሰርቪስ መኪና ወይም የቢሮ ምሳ ማግኘት ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

የአበል ነገር ግን ሁለት ስለት ነው። አንዳንድ ቀጣሪ 12,000ውን ለሁለት ከፋፍሎ «9,500 መነሻ ደመወዝ፣ 2,500 አበል» ይላል። በወሩ መጨረሻ ኪስ የሚገባው ከፍ ሊል ይችላል፣ በተለይ አበሉ ከግብር ነፃ በሆነ የትራንስፖርት ጣሪያ ውስጥ ከሆነ። የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው፦ ጡረታ የሚያዘው በመነሻ ደመወዙ ነው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም የሚሰላው በዚሁ ነው። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 12,000 ሲካፈል ለ208፣ በ1.5 ሲባዛ ለአንድ የትርፍ ሰዓት 86.50 ብር ገደማ ነው፤ በ9,500 ሲሰላ 68.50። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ 1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። አለቃው ስብሰባ ላይ ስላመሸ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ የምትቆይ ጸሐፊ ይህ ይገባታል። በተግባር «ነገ አርፍደሽ ግቢ» ይባልና ይታለፋል።

አሁን ወደ ወጪው። ዋጋ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ። አንድ ክፍል ቤት 4,000 ብር፤ ሄዶ ለመመለስ አራት ታክሲ፣ እያንዳንዱ 20 ብር፣ በ26 ቀን 2,080፤ ምሳ በቀን 150፣ በወር 3,900። ድምሩ 9,980። ራት፣ ቁርስ፣ ሳሙናና ካርድ ገና ሳይነኩ 1,070 ብር ጎደለ። ለዚህ ነው ምሳ ቋጥሮ መሄድና ኪራይን ለሁለት መካፈል የቁጠባ ምክር ሳይሆን ግዴታ የሚሆነው። ሁለቱን ካደረጋችሁ ከ8,910 ላይ ኪራይ 2,000ና ታክሲ 2,080 ወጥቶ 4,830 ይቀራል፤ ወሩ የሚበላው ከዚህ ነው። ጤፉን ከጓደኛ ጋር ተካፍሎ ከእሁድ ገበያ መግዛትና ማስፈጨት ከሱቅ እንጀራ ይሻላል፤ ምጣድና የሚጋግር ሰው ካለ ነው እንግዲህ።

በዚህ ሥራ ላይ ብቻ የሚመጣ ድብቅ ወጪም አለ። ጸሐፊ እንግዳ ተቀባይ ናትና ልብስ፣ ጫማና ፀጉር ይጠበቅባታል፤ የሚከፍልላት ግን የለም። የስልክ ካርዱም እንዲሁ ነው። በራሳችሁ ስልክ ለቢሮ የምትደውሉ ከሆነ የካርድ ክፍያው ቅጥር ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። በቃል የተባለ ካርድ ከሁለተኛው ወር አያልፍም።

መንግሥት ቤት ያለውንም እናወዳድር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 6,000፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ 11,500 ነው። ከ6,000ው እጅ የሚገባው 4,880፣ ከ11,500ው 8,595። ለአዲስ አበባ ሠራተኛ የፐብሊክ ሰርቪስ ባስ በመንገዷ ካለፈ ግን የታክሲውን 2,080 ታተርፋለች። የ11,500ውን ደመወዝ ከነባሱ ለማካካስ የግል ድርጅት 14,900 ገደማ ግሮስ መክፈል አለበት። «የግል ይሻላል» የሚለው ወሬ ላይ ባሱ አይቆጠርም።

ኪራዩን በተመለከተ አዋጅ 1320/2016 የጽሑፍ ውል፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዘመንና ከሁለት ወር ያልበለጠ ቅድመ ክፍያ ይላል። ውሉ ካልተመዘገበ ጭማሪ ሲመጣ የምትይዙት ማስረጃ የለም። ኪራዩን በባንክ አስገቡ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ።

ጳጉሜን አትርሱ። ደመወዝ የለውም፣ ታክሲና እንጀራ ግን አለው። ተከትሎት ደግሞ እንቁጣጣሽና የልጆች ምዝገባ ይመጣል። ዕቁብ የምትገቡ ከሆነ ዕጣው ነሐሴ ላይ እንዲደርሳችሁ ዳኛውን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ከአባላት ጋር ተራ መቀያየር ብዙ ጊዜ ይቻላል። ያ ካልሆነ ከሰኔ ጀምሮ በወር 500 ለብቻው ማስቀመጥ ነው። የቴሌብር እንደኪሴ ብድር ለታክሲ ጎዶሎ ይሆናል፤ ለበዓል በግ ከተወሰደ የጥቅምትን ደመወዝ አብሮ ይበላል።