ፈንድሻውን ኮርኒስ ያወረድንበት መንገድ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው የወላጆቼ ቤት ኮርኒስ ቺፕውድ ላይ ሸካራ ነጭ ልስን የተረጨበት ነበር። ልጅ ሆነን «ፈንድሻው» ነበር የምንለው። ጉብታው ሁሉ አቧራና የሸረሪት ድር ይይዛል፤ በመጥረጊያ ሲነኩት ይራገፋል። እማዬ አስም አለባት። አንድ ጠዋት አንሶላዋን ስታራግፍ ነጭ ዱቄት ሲቦን አየሁና ይሄ ነገር መውረድ አለበት አልኩ።

መጀመሪያ መፋቅ ሞከርኩ። ውሃ ረጭቶ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቆ በስፓቱላ መፋቅ የሚያዋጣው ቀለም ላልተቀባ ነው። የእኛ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ቀለም ስለተቀባ ውሃው ዘልቆ አልገባ አለ። ግማሽ ቀን ታግዬ የላጥኩት የምጣድ አክንባሎ አያክልም። በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው ብዬ አስቤ ነበር፤ እንኳን ተውኩት። ድሮ እንዲህ ባለው የሚረጭ ልስን ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ክር ያለው ማዕድን ይቀላቀል ነበር። ክሩ በዓይን አይታይም፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ማስመርመር የሚችል ሰው ሳይነካው በፊት ያስመርምር። እኔ አለበት ብዬ ቆጥሬ እማዬን ሳቢያን ሰፈር እህቴ ቤት ላክኋት።

አናጺው ሽማግሌ ነው፣ የሰፈራችን ሰው። መፋቄን ሲሰማ «ተው አቦ! ከነቺፕውዱ አውርደው» አለኝ። ልክ ነበር። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተን፣ ዕቃውን አውጥተን፣ ወለሉን በላስቲክ ሸፈንን። ኮርኒሱን እያረጠብን ምስማሩን አንድ በአንድ ነቅለን፣ ሳንሰብር ሙሉውን አወረድነውና በላስቲክ ጠቀለልነው። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልን እንጂ አልጠረግንም። አፍንጫ ላይ ጥብቅ የሚል ማስክ ያስፈልጋል፤ የጨርቁ ለዚህ አይሆንም።

ከላይ ያገኘነው የባሰ ነው። የሌሊት ወፍ ኩስ፣ እንደገና ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ስንት ዓመት የተጠበሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ልባሱ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። እማዬ ከዚህ ሥር ነበር የምትተኛው! ሽቦውን በሙሉ ቀይረን በቱቦ አሳለፍነው። ለዚህ ያልያዝኩት ገንዘብ ወጣ፣ ግን አልቆጨኝም።

የድሬ ሙቀት ባለበት ቆርቆሮ ሥር ቀኑን ሙሉ አይሠራም። ጎህ ሲቀድ ጀምረን አምስት ሰዓት ላይ እናቆማለን፤ ከምሳ በኋላማ ማንም ሠራተኛ አይገኝም። አዲሱ ጂፕሰም ቦርድ ነው። ቦርዱን የሚይዘውን ብረት በ60 ሴንቲ ርቀት ሊያስሩት ሲሉ 40 ይሁን ብዬ ያዝኩ፣ እንዳይረግብ። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ግን አልደፈንኩም፤ ሙቀቱ በዚያ ነው የሚወጣው። ለሌሊት ወፎቹ ወንፊት ሽቦ መታንባቸው።

የተሳሳትኩት ጣሪያው ላይ ነው። ሳልፈትሸው ዘጋሁት። ነሐሴ ላይ አምፖሉ አጠገብ የሲኒ አፍ የምታህል ቡናማ ክብ ወጣች፤ በሦስተኛው ዝናብ ትሪ አከለች። ጂፕሰም ውሃ ከጠጣ ይልማል፣ ስለዚህ አዲሱን ኮርኒስ ቆርጬ አወጣሁት። ምክንያቱ የዛገ አንድ የቆርቆሮ ምስማር ነው። ከመዝጋቴ በፊት ጣሪያው ላይ በጎማ ውሃ ለቅቄ ከሥር አይቼ ቢሆን ኖሮ በአሥር ደቂቃ አገኘው ነበር። ምስማሮቹን ጎማ ባላቸው ቀየርን፤ ኮሪደሩ ላይም ሰው የሚያሾልክ መክፈቻ አስቀረሁ። አሁን ዝናቡ ሲያባራ ባትሪ ይዤ በዚያ ወጥቼ እንጨቶቹን በመዳፌ እዳብሳለሁ።