«ወረድ ብላችሁ» ወረቀት ላይ አይሠራም፦ ያለ አስጎብኚ በሚኬድ የሰፈር ጉዞ እዚህ ደርሻለሁ

ተጓዥ ያለ አስጎብኚ ሰፈር እንዲዞርበት የምጽፈው የመንገድ መምሪያ ወረቀት በሰባተኛው ሙከራ ፈተናውን አለፈ። ሰፈሩን ጨርሶ የማያውቅ ሰው፣ ስልክ ሳያወጣና አላፊ አግዳሚ ሳይጠይቅ 3.2 ኪሎ ሜትር ዞሮ ከተነሣበት ቦታ ተመለሰ። ስድስቱ የወደቁት ሁሉም በአንድ ምክንያት ነው፤ ይህ ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ርቀቱ ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ ሜትር፣ መቆሚያው (ተጓዡ ቆሞ ስለ ቦታው የሚያነብበት) ከ8 እስከ 10፣ መንገዱ ዙር ይሁን። መነሻው መጸዳጃና ጥላ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ሰዓቱን ስታሰሉ የስልክ ካርታ የሚሰጣችሁን ደቂቃ አትመኑት፤ እሱ የሚያስበው የትም ሳይቆም የሚሄድ ሰው ነው። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው 3 ኪሎ ሜትር 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ ዘጠኝ መቆሚያ በአራት አራት ደቂቃ 36፤ መንገድ ለመሻገርና ለመደናገር 10። ድምሩ 91 ደቂቃ ስለሆነ «አንድ ሰዓት ተኩል» ብላችሁ ጻፉ። ዳገት ካለ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከፍታ 10 ደቂቃ ጨምሩ። ይህ ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ኔይስሚዝ በ1892 ካወጣው ስሌት የመጣ ነው። ካርታውን ኦፕንስትሪትማፕ ከተባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ብትወስዱ ደረጃዎችና የእግረኛ መተላለፊያዎች ብዙ ጊዜ ተለይተው ይገኙበታል፤ ምንጩን ከሥር መጻፍ ግን የፈቃዱ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው። ጀማሪ ሁሉ የሚደክመው ለመቆሚያዎቹ ነው፤ የትኛው ቤት መቼ ተሠራ፣ ማን ኖረበት እያለ ሳምንት ይፈጃል። ወረቀቱን የሚጥለው ግን ከአንዱ መቆሚያ ወደ ሌላው የሚወስደው ዐረፍተ ነገር ነው። እኛ ደግሞ በአማርኛ መንገድ መንገር እናውቅበታለን፤ መጻፍ ነው ያልለመድነው። «ትንሽ ወረድ እንዳላችሁ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ እዚያ ብትጠይቁ ማንም ያሳያችኋል።» በአፍ ሲነገር ይሠራል። ተናጋሪው እጁን ይዘረጋል፣ አገጩን ቀና ያደርጋል፤ ሰሚውም ሃምሳ ሜትር ሄዶ ሌላ ሰው ይጠይቃል። ወረቀቱን የያዘው ሰው ይህ ሁሉ የለውም።

«ወረድ» ስንት ሜትር ነው? ቁልቁለቱን ይዞ ነው ወይስ ዝም ብሎ ወደ ፊት? «ወደ ላይ» ለአንዱ ዳገቱ ነው፣ ለሌላው የካርታው ራስጌ፣ ለሦስተኛው ወደ መሃል ከተማ የሚወስደው አቅጣጫ። «ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ» ይባላል፤ ሕንፃው በሁለት መንገድ ላይ በር ካለው የትኛው ነው ጀርባው? «ማዶ» አስፋልቱን መሻገር ሊሆን ይችላል፣ ወንዙንም መሻገር ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚብሰው ቀኝና ግራ ነው። ተጓዡ መቆሚያው ላይ ደርሶ ሕንፃውን ለማየት ፊቱን ያዞራል። ካነበበ በኋላ ወረቀቱ «ወደ ግራ ሂዱ» ሲለው፣ የእሱ ግራ ጸሐፊው ያሰበው ግራ አይደለም። ጸሐፊው ያሰበው እየሄደ ያለን ሰው ነው፤ አንባቢው ግን ቆሟል፣ ያውም ዞሮ። መሳሳቱ የሚታወቀው ወዲያው አይደለም፣ ሦስት አራት ደቂቃ ከተሄደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰው የሚጠረጥረው ወረቀቱን ሳይሆን ራሱን ነው።

መድኃኒቱ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በአምስት ነገር መሙላት ነው፤ አቋቋም፣ ድርጊት፣ ርቀት፣ ማረጋገጫ፣ ማገጃ። በምሳሌ ይታይ። የወደቀው እንዲህ ይል ነበር፦ «ከሰዓቱ ማማ ወረድ ብላችሁ በሦስተኛው ቅያስ ስትገቡ ደረጃውን ታገኛላችሁ።» ያለፈው እንዲህ ይላል፦ «ጀርባችሁን ለማማው በር ስጡ። ቁልቁለቱን ይዛችሁ 2 ደቂቃ ያህል ሂዱ፤ የድንጋዩ አጥር በግራችሁ ይሁን። አጥሩ ሲያልቅ ወደ ግራ ታጠፉ። የብረት መደገፊያ ያለው ደረጃ ከፊታችሁ ይታያል። ድልድዩ ላይ ከደረሳችሁ አልፋችሁታልና ተመለሱ።»

ረዝሟል፤ አዎ። ግን አንድም ቃሉ ለጌጥ አልገባም። «ጀርባችሁን ስጡ» የቀኝና ግራውን ጣጣ ይዘጋዋል። «አጥሩ በግራችሁ ይሁን» ተጓዡ እየሄደ ሳለ ትክክል መሆኑን በየእርምጃው ይነግረዋል። «አጥሩ ሲያልቅ» ቅያስ ከመቁጠር ያድናል። ቅያስ መቁጠርን እንዲያውም ጨርሳችሁ ተዉት፤ የመኪና ማስገቢያ ይቆጠራል? በር የተገጠመበት መተላለፊያስ? በቀኝ በኩል ያለውም ከግራው ጋር ይደመራል? አንዱ ሦስት ሲል ሌላው አምስት ይላል። ድልድዩ ማገጃ ነው፤ ካርታና ኮምፓስ ይዘው የሚወዳደሩ ሯጮች የቆየ ዘዴ ሲሆን፣ የተሳሳተ ሰው ሩቅ ሳይሄድ የሚይዘው ምልክት ማለት ነው። ማገጃ ያልተገኘለት መታጠፊያ ካለ መታጠፊያውን ለውጡት፤ መንገዱ በ100 ሜትር ቢረዝም ግድ የለም።

ርቀቱን በሜትር አልጽፍም፣ በእርምጃም አልጽፍም። 200 ሜትርን በዓይኑ የሚገምት ሰው ጥቂት ነው፤ እርምጃ ደግሞ እንደ ቁመቱ ይለያያል። ደቂቃ ይሻላል። በጃፓን የቤት ማስታወቂያ ላይ «ከጣቢያው 1 ደቂቃ በእግር» ሲባል 80 ሜትር ማለት ነው፤ ይህ በአገሩ የማስታወቂያ ደንብ የተወሰነ ልክ ነው፣ ለእኛም ይበቃናል። ከ3 ደቂቃ በላይ ያለ ምንም ማረጋገጫ ማስኬድ ግን አይገባም፤ ሰው ወረቀቱን መጠራጠር ይጀምራል።

የምልክት ምርጫም አለ። የሱቅ ስም፣ የግድግዳ ቀለም፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊጠፉ የሚችሉ ናቸው። ዛፍ ይቆረጣል። የማይከዱት ደረጃ፣ ድልድይ፣ ቁልቁለት፣ የመንገድ ጥምዝ፣ የድንጋይ አጥርና የሕንፃ ማዕዘን ናቸው። በአሜሪካ የቦስተኑ የፍሪደም ትሬይልና በጀርመን የሃኖቨሩ ቀይ ክር የተባሉት የእግር ጉብኝት መንገዶች ይህን ሁሉ በአንድ ቀለም ገላገሉት፤ ሁለቱም 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፣ ተጓዡም መሬት ላይ የተሰመረውን ቀይ መስመር ብቻ ይከተላል። ለዚያ ግን ማዘጋጃ ቤት መሆን ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ «ይታጠፉ» አልጽፍም። አክብሮቱ ባልከፋ፣ ግን «እነሱ ይታጠፉ» ተብሎም ይነበባል፣ ዐረፍተ ነገሩም ይለሰልሳል። «ታጠፉ» ሴቱንም ወንዱንም ይይዛል።

ፈተናው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ጸሐፊው 10 ሜትር ወደ ኋላ ቀርቶ ዝም ብሎ ይከተላል። መናገር ክልክል ነው፣ በዓይን መጠቆምም። የጸሐፊው ሥራ ተጓዡ የቆመበትን፣ ቀና ብሎ የዞረበትን፣ ወረቀቱን ያሽከረከረበትን ቦታ ሁሉ ካርታው ላይ ነጥብ ማድረግ ነው። መንገዱን ስቶ ሲመለስ ብቻ ሳይሆን ሲያመነታም ነጥብ ይደረጋል። በመጨረሻ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ጥሩ ነው» ነው የሚላችሁ፣ ይሉኝታ አለ። ነጥቦቹ እውነቱን ይናገራሉ።

በስልክ የሚደመጥ ጉዞ ለምን አልተሠራም ለሚለኝ፣ ስልክ ሰማይ በተገለጠበት ቦታ በ5 ሜትር ገደማ ስህተት ያለበትን ቦታ ያውቃል፤ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ግን ምልክቱ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ስህተቱ ይሰፋል። ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት ጠባብ መንገዶች ላይ የሚቀጥለው መቆሚያ ድምፅ ቀድሞ ይጮኻል። ወረቀቱ ሳይስተካከል ድምፅ መቅዳት ደግሞ ያንኑ ስህተት ማስጮህ ነው።

ጉዞው በባሕር ዳርቻ የሚያልፍ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። አሸዋ ላይ ማዕዘን የለም። አቅጣጫው «ባሕሩን በቀኛችሁ ይዛችሁ ሂዱ» በሚል ይፈታል፤ ችግሩ ከአሸዋው ወደ ሰፈሩ የሚመልሰው መውጫ ነው። ከመንገድ በኩል እያንዳንዱ መውጫ የራሱ መልክ አለው፤ ከውኃው ዳር ቆሞ ለሚያየው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት የእንጨት ደረጃ ነው። ስለዚህ የመውጫውን ምልክት ከውኃው ዳር ሆናችሁ ጻፉ፣ ፎቶውንም ከዚያው አንሡ። ለስላሳ አሸዋ ላይ መራመድ ጠንካራ መሬት ላይ ከመራመድ ከእጥፍ በላይ ጉልበት ይፈጃል፤ ስለዚህ ተጓዡን ውኃው ባጠበቀው እርጥብ አሸዋ ላይ ምሩት፣ ደረቁን ከ300 ሜትር በላይ አታስኬዱት።

እርጥቡ አሸዋ የሚገኘው ደግሞ ባሕሩ ሲጎድል ነው፤ የሰዓት አቆጣጠራችን ወጥመድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይጎድላል፤ ከጉድለት እስከ ሙላት 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። በእኛና በፈረንጆቹ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 6 ሰዓት ነው! የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ «ዝቅተኛ ውኃ 09:10» ካለ በእኛ ጠዋት 3:10 ነው። ጸሐፊው ሳይቀይር «9:10» ብሎ ከገለበጠው፣ አማርኛ አንባቢ ከሰዓት በኋላ በ9:10 ይመጣል፤ ባሕሩ ጢም ብሎ ሊሞላ 12 ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ከዚህ የባሰ ሰዓት መምረጥ አይቻልም። አንዳንድ አገሮች በሞቃቱ ወራት ሰዓታቸውን ወደ ፊት ይገፋሉ፤ አንዳንድ ሰንጠረዥ ይህን ለውጥ ስለማያካትት ያንንም እዩ።

ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ስለሚገፋ ወረቀቱ ላይ ሰዓት አይታተምም። «ባሕሩ ዝቅ ከሚልበት 2 ሰዓት ቀድማችሁ ጀምሩ፤ የዛሬው፦ ____» ብላችሁ ክፍት ቦታ ተዉ። ውኃው እየሸሸ ሳለ መጓዝ እንጂ እየመጣ ሳለ አይደለም። አመጣጡ አታላይ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላ ከፍታው 1/12ኛው ብቻ ይነሣል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን ግማሹ። ልዩነቱ 4 ሜትር በሆነበት ዳርቻ የመጀመሪያው ሰዓት 33 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱ የመሃል ሰዓቶች 2 ሜትር ይሆናሉ። ገደሉ ወደ ባሕሩ ገባ ያለበት ቦታ ካለ መንገዱን በላይ በኩል አድርጉት፤ ውኃው አፉን ሲዘጋው መውጫ የለም። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ ሰሞን ሙላቱም ጉድለቱም ይከፋል።

አንድ መቆሚያ ላይ ከ80 ቃል በላይ አይነበብም እያልኩ እመክራለሁ፤ የራሴ አሁንም 140 ይደርሳል። መቁረጡ ላይ አልጠነከርኩም።

ያልተፈታው የመልስ ጉዞው ነው። ዙሩን ከመጨረሻው የሚጀምር ሰው ሁልጊዜ አለ፤ «አጥሩ ሲያልቅ» ለእሱ «አጥሩ ሲጀምር» ይሆናል፣ ድልድዩም ማገጃ መሆኑ ያበቃል። ሁለተኛ ጽሑፍ ከወረቀቱ ጀርባ ሲታተም ተጓዦች መሃል ላይ ገልብጠው የተሳሳተውን ጎን ያነባሉ። ለጊዜው የጀርባውን ጽሑፍ ራስና እግሩን አዙሬ ማተም ይዣለሁ፤ የተሻለ ያገኘ ካለ ይንገረኝ።