11 እና 1

ዛሬ ሁለተኛዋ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ሳልረሳው ልጻፈው።

የቂንጥሬን ሽፋን ቆዳ በቀዶ ጥገና ላስቀንስ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ማሰቡ አይደለም፣ ቃሉን ከአፍ አውጥቶ መናገሩ ነበር የከበደኝ። ጠባብ ሱሪ ስለብስ ይፈትገኛል፣ ያሳክከኛል፣ ስታጠብ ቆዳውን ወደ ኋላ ስስበው ያመኛል። ትርፍ ቆዳ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የመጀመሪያው ሐኪም አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። «ቀላል ናት፤ አንድ ሰዓት ብትፈጅ ነው፣ በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለኝ። አልዋሸም። ሥራው አጭር ነው፣ ክሩም በራሱ ይሟሟል። ስለ ስሜት ስጠይቀው ግን «እንዲያውም ይጨምርልሻል» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ሌላ ሐኪም ያስፈለገኝ።

የዛሬዋ ወረቀት አውጥታ ክብ ሣለች፤ ከላይ 12 ጻፈችበት። «እንደ ሰዓት አስቢው» አለችኝና 11 እና 1 ቁጥር በሚውሉበት በእስክሪብቶ ሁለት ወፍራም መስመር አሰመረች። የቂንጥር ነርቮች በጀርባው በኩል የሚያልፉት እዚያ ነው፤ ከሽፋኑ ቆዳ ብዙ አይርቁም። በ2022 ይፋ የሆነ ቆጠራ ሁለቱ ወገን ሲደመር በአማካይ ከ10,000 በላይ የነርቭ ክር አግኝቷል። ድሮ ሲጠቀስ የኖረው 8,000 ከከብት የተወሰደ ቁጥር ነው ስትለኝ ሁለታችንም ሳቅን። ይህኛው ሳቅ አላስከፋኝም።

ሽፋኑ የቂንጥሩን ጫፍ ከፍትጊያ የሚጠብቅ ነገር ነው። ከመጠን በላይ ከተቆረጠ የውስጥ ልብስ ሲነካው እንኳ የሚያቃጥል ስሜት ሊተርፍ ይችላል፤ ነርቩ ከተነካ ደግሞ መደንዘዝ፣ ወይም የማይለቅ ሕመም። መድማቱ፣ ኢንፌክሽኑ፣ ጠባሳው እንደ ማንኛውም ቀዶ ጥገና ነው። እብጠቱ ሳምንታት ይወስዳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ግንኙነት የለም፣ የመጨረሻው መልኩም የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። «ስሜት ይጨምራል» የሚለውን ስነግራት አንገቷን ነቀነቀች። የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2020 ባወጣው ምክር፣ እንዲህ ያለ የውበት ቀዶ ጥገና ለመጥቀሙ ጥራት ያለው ማስረጃ እንደሌለ ለታካሚዋ ይነገራት ይላል። ለእኔ አልተነገረኝም ነበር።

መልኩም ቢሆን፣ ከማን ጋር ነበር ስወዳደር የከረምኩት? በኮምፒውተር ከተነካኩ ፎቶዎች ጋር። በ2005 በእንግሊዝ 50 ሴቶች ተለክተው የቂንጥር ርዝመት ከ5 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ተገኝቷል። ሰባት እጥፍ ልዩነት! «ልክ» የሚባለው የትኛው ነው?

ሌላም የከበደኝ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን ሲመድብ፣ ሽፋኑን ብቻ ማንሳትም በአንደኛው ዓይነት ሥር ይገባል። ልጅ ሳትጠየቅ የሚደረግባትና አዋቂ ሴት አስባ የምትወስነው አንድ አይደሉም፤ ይህን አምናለሁ። ምላጩ የሚያርፍበት ቦታ ግን ያው ነው፣ ይህንንም ከሐሳቤ ማውጣት አልቻልኩም።

ከዚያ መብራቱን አስጠግታ መረመረችኝ። የመጀመሪያው ሐኪም መብራት እንኳ አላበራም ነበር። ሽፋኑ ጠርዝ ላይ ነጣ ያለ፣ የተሸበሸበ ቆዳ አሳየችኝ፤ በመስታወት አየሁት። ላይክን ስክሌሮሰስ ይባላል። የሚያሳክከኝም፣ ስስበው የሚያመኝም ለካ እሱ ኖሯል። ሽፋኑን ከጫፉ ጋር የሚያጣብቅ የቆዳ በሽታ ነው፤ መጀመሪያ የሚታከመው ጠንከር ባለ የስቴሮይድ ቅባት ነው። በሽታው ጋብ ሳይል ቢቆረጥ ቁስሉ ራሱ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

«ካልተሻለሽ ስለ ቀዶ ጥገናው ያኔ እናወራለን» አለችኝ፤ አልከለከለችኝም።

ቅባቱ ማታ ማታ ነው፣ የአተር ፍሬ የምታክል። ቀጠሮዬ ከሦስት ወር በኋላ። 11 እና 1 የተጻፈበትን ወረቀት አጥፌ ቅባቱ ካርቶን ውስጥ ከትቼዋለሁ።